የብረት ጾም

አሮጌ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲያስገባው የመጀመሪያ አሳቡ የጎደለውን መሙላት፣ የተሰበረውን መጠገን፣ የደበዘዘውን መቀባት ነው፤ በዚህ በምተርከው ልማድ ግን ነገሩ ተገላብጦ፣ ገዢው መፍቻውን የሚያነሣው ሊቀንስ ነው። ለጎዳና ተብሎ የተሠራውንና ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው የነዳውን ሞተር ብስክሌት፣ ሕዝባችን ከድምፁ ተነሥቶ ዶቅዶቄ ያለውን፣ ከግድግዳ አስጠግቶ ያቆምና፣ መብራቱን፣ ጡሩንባውን፣ መስተዋቱን፣ የፍጥነት መቁጠሪያውን፣ የኋለኛውን ሰው መቀመጫና የእግር ማሳረፊያ፣ ከባዱን ማርሚታና የብረቱን ፓራፋንጎ አንድ በአንድ እየፈታ ከመሬት ላይ ይከምራል፤ ክምሩም ባደገ ቁጥር የባለቤቱ ፊት እየፈካ ይሄዳል። ይህ ሰው የሚሄደው ጥርጊያ ወደሌለበት፣ ጭቃና ድንጋይ፣ አሸዋና ገደል ወዳለበት ስፍራ ነውና፣ በዚያም እያንዳንዱ ኪሎ ብስክሌቱ በወደቀ ጊዜ በገዛ ክንዱ የሚያነሣው ዕዳ ነው።

ማርሚታና ፓራፋንጎ፣ ካንዴላና ካቴና፣ ቸርኬና ብሎን የሚሉት ስሞች ከኢጣልያን ቋንቋ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል፤ የምተርከው ታሪክ ግን ይልቁንም የእንግሊዝና የአሜሪካ ነውና፣ የኢጣልያን ስም ለእንግሊዝ ብረት ማዋሴን ይቅር ይበለኝ። ዓመታቱንም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ይህን ሥራ ጾም ብዬ መጥራቴ ለጨዋታ ያህል አይደለም። የገዳም አበው ሥጋቸውን በጾምና በትሕርምት ሲያደክሙ አሳባቸው ሥጋን ለነፍስ ታዛዥ ለማድረግ እንደ ነበረ፣ ይህንኑ ያለ መምህር ምክር በገዛ ፈቃዱ የጀመረ ጀማሪ ግን ከልክ አልፎ በደዌ እንደሚወድቅ፣ መጻሕፍተ መነኮሳትን የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ ብረትንም ከግዘፉ የሚያራቁት ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የትኛው ትርፍ ነው? የትኛውስ ትርፍ መስሎ የታየ ሥር ነው? ታሪኩም ያንን ድንበር በመጋዝና በሞረድ እየዳሰሱ የፈለጉት ሰዎች ታሪክ ነው።

በ1914 በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር አውራጃ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ያወጣው አልፍሬድ አንጋስ ስኮት የፋብሪካውን ሠራተኞች በኮረብታና በረግረግ ላይ አወዳደረ፤ ውድድሩም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በማርች 1924፣ በደቡብ በሰሪ አውራጃ በካምበርሊ የነበሩ ሰዎች የስኮትን የመሰለ ውድድር ለማቋቋም ተነሡ፤ ነገር ግን የነጂውን ጥበብ የሚመዝን ዳኛ ሳያቆሙ በፍጥነት ብቻ ሊፈርዱ ስለ ፈለጉ፣ የበላይ የነበረው ማኅበር ‹ፈተና› የሚለውን ስም ከለከላቸው፤ እነርሱም ግፊያና ግርግር፣ በእጅ በእግር መቧጠጥ የሚል ስሜት ያለውን ‹ስክራምብል› የሚለውን ቃል አወጡለት። በኋላ ፈረንሳዮች ሲወስዱት ሞቶክሮስ አሉት፤ ዓለምም የያዘው የኋለኛውን ስም ነው።

በዚያ ዘመን ተራው ነጂ በሳምንቱ ቀናት ወደ ሥራ የሚሄድበትን ያንኑ ብስክሌት እሑድ ወደ ሜዳው ይዞ ይመጣና፣ መብራቱን በሜዳው ዳር ፈትቶ በከረጢት ያኖራል፤ ተወዳድሮ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ እንደገና አስሮት በመሸ ጊዜ በዚያው መብራት እየታገዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጾም እንግዲህ የአንድ ቀን ጾም ነበር፤ ማታ የሚፈሰክ።

የአንዱን ቀን ጾም ወደ ዘላቂ ምናኔ ያሸጋገረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በበርሚንግሃም የነበረው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም20 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ብቻ ከ120,000 በላይ ለሠራዊቱ ሠርቶ ነበር፤ ጦርነቱም ሲያበቃ መንግሥት ያላስፈለገውን በርካሽ ስለ ሸጠ፣ የጦር መልእክተኛ የነዳው ብረት ደመወዙ ጥቂት በሆነ ወጣት እጅ ገባ። ኤም20 መሰበር የማይወድ፣ መቸኮልም የማይወድ መኪና ነበር። ከእርሱ ይልቅ የተፈለገው 350 ሲሲ የሆነው ማችለስ ጂ3ኤል ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለችው ፊደል ራሷ ‹ቀላል› ለማለት የገባች ናትና። ወጣቱም የወታደር ሻንጣ መጫኛውን፣ ከጠላት አውሮፕላን እንዲሰወር የተከለለውን መብራት፣ የጎን መደርደሪያውን ሁሉ ነቅሎ ጣለ፤ የጣለውን መልሶ የሚያስርበት ምክንያት ግን ከእንግዲህ አልነበረውም፤ ወደ ሥራ የሚሄድበት ሌላ ነገር አግኝቷል፤ ይህም ለሜዳ ብቻ ቀረ።

ከጦርነቱ ትርፍራፊ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የትራያምፍ ነገር ነው። ይህ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን ለእንግሊዝ አየር ኃይል የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ይሠራ ነበር፤ ለአየር ኃይል አገልግሎት ስለ ታሰበም ሲሊንደሩና የሲሊንደሩ ራስ ከአሉሚኒየም የፈሰሱ ነበሩ። ሰላም ከሆነ በኋላ እነዚያው ቀላል ክፍሎች በሞተር ብስክሌት ላይ ተገጥመው፣ በ1948 በኢጣልያ በሳን ሬሞ በተደረገው ዓለም አቀፍ የስድስት ቀን ፈተና የእንግሊዝ ቡድን አሸነፈባቸው፤ ከተገኘው ዋንጫ ስም ተነሥቶም ትሮፊ የተባለው 500 ሲሲ ብስክሌት በማግሥቱ ዓመት ለገበያ ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 134 ኪሎ ነበር። ለአየር ኃይል ማመንጫ የተፈለገው ቅለት በኮረብታ ላይ ለሚፈነጥዙ ሰዎች ሲሳይ ሆነ።

እዚህ ላይ ክብደት ስንል የትኛውን ክብደት እንደ ሆነ መለየት ያሻል፤ ኪሎ ሁሉ እኩል አይደለምና። ከሞላው በታች ያለው፣ ማለትም ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑና እነርሱን የሚሸከመው ክንድ፣ ድንጋይ በነካ ቁጥር አብሮ የሚዘልና የሚወርድ ነው፤ ከባድ ከሆነም ሞላው ፈጥኖ ሊመልሰው ስለማይችል ጎማው ከመሬት ይለያል፤ ከመሬት የተለየ ጎማ ደግሞ አይገፋም፣ አይመራም፣ አያቆምም። ስለዚህ ከቸርኬው ላይ የተነሣች ግማሽ ኪሎ ከመቀመጫው ሥር ከተነሣችው ግማሽ ኪሎ ትበልጣለች። ደግሞም የከፍታ ነገር አለ፤ ከላይ የተቀመጠ ክብደት ብስክሌቱ ሲያዘነብል አብሮ ይጎትተዋል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ግን ያን ያህል አያስቸግርም። ጀማሪ የሚስተው በዚህ ነው፤ ለመፍቻ የሚመቸውን ሁሉ ይፈታና የሚጎዳውን ይተወዋል። መሰርሰሪያ ይዞ ያገኘውን ብረት ሁሉ እንደ ወንፊት የሚበሳም ነበረ፤ ቀዳዳ ግን የስንጥቅ እናት ናት፤ ኃይል በየት በኩል እንደሚተላለፍ ሳያውቅ የበሳ ሰው፣ ያዳናትን 100 ግራም ከተሰበረ ፍሬን ጋር በጉድጓድ ውስጥ ያገኛታል።

የዚህ ምናኔ ሊቅ ማን ነው ቢሉኝ ሳላመነታ የምጠራው ሳሚ ሚለርን ነው። በ1933 በቤልፋስት የተወለደውና ከ1959 እስከ 1969 ለ11 ዓመት በተከታታይ የእንግሊዝ የፈተና ውድድር ሻምፒዮን የነበረው ይህ ሰው፣ የዝናውን መሠረት የጣለው ጂ.ኦ.ቪ. 132 የሚል ሰሌዳ በለጠፈ 500 ሲሲ ኤርየል ነው። የፈተና ውድድር ከፍጥነት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ነጂው በጅረት ውስጥ፣ በሚያዳልጥ ዐለትና በዛፍ ሥር መካከል በዝግታ ሲያልፍ እግሩን መሬት ባስነካ ቁጥር ዳኛው ነጥብ ይቆጥርበታል፤ በእርጋታ ሲሄድ ደግሞ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ፍጥነት ስለሌለ፣ የብረቱ ክብደት ሁሉ በክንዱና በጉልበቱ ላይ ነው። ኤርየል እንደ በሬ የጠና ባለ አራት ምት ሞተር የነበረው ከባድ ብስክሌት ነበር፤ ፋብሪካውም በ1950ዎቹ ፍጻሜ አራት ምት መሥራቱን ትቶ ፊቱን ወደ ሌላ ስላዞረ፣ ሚለር የሚጠብቀው አዲስ ነገር አልነበረም። የያዘውን ማክሳት ብቻ ቀረለት።

እያንዳንዱን ብሎን ከቦታው አንሥቶ፣ ንስሐ አባት ተነሳሒውን እንደሚመረምር እዚህ ያለበትን ምክንያት ጠየቀው፤ ምክንያት ያልተገኘለትን ጣለ፤ ምክንያት ያለውንም በሚቀለው ለወጠ፤ ከባዱን ብረት በአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየም የማያስፈልግበትንም በፋይበርግላስ ተካ። ሻንሲውም ሬይኖልድስ 531 ከተባለው፣ በሳይክል ሠሪዎች ዘንድ ከ1935 ጀምሮ ከታወቀው፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ከገባበት የብረት ቱቦ ተሠራ፤ ይህ ቱቦ ጠንካራ ስለ ሆነ ግድግዳው ቢሳሳም ይሸከማል። በመጨረሻም ያ በሬ ወደ 111 ኪሎ ወረደ፤ ሚለርም በ1962 እና በ1964 በስኮትላንድ ተራሮች የሚደረገውን የስድስት ቀን ፈተና አሸነፈበት። በወጣትነቱ ከፋብሪካው የወጣው ኤርየልና ይህ የከሳው ኤርየል ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ወንድማማችነታቸው የሚታወቀው በሞተራቸው ብቻ ነበር።

ከዚያም ያልታሰበ ሆነ። ሚለር በዓመታት ድካም ያከሳውን ብስክሌት ትቶ፣ ፍራንሴስክ ዣቪዬር ቡልቶ በ1958 በባርሴሎና አጠገብ ወዳቋቋመው ወደ ቡልታኮ ፋብሪካ ሄደና፣ በ12 ቀን ሥራ ሼርፓ ቲ የተባለውን 250 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ብስክሌት መልክ አስያዘው፤ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በታች ነበር። በ1965 በዚያው በስኮትላንድ ሲያሸንፍበት፣ ከብሪታንያ ውጭ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ያን ፈተና ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሆነ። በጾም በከሳ አካልና ከማኅፀን ቀሎ በተወለደ አካል መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ዓመት ታየ። ይሁን እንጂ ስለ 12ቱ ቀናት የሚያደንቁ ሰዎች ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ዓመታት ይረሳሉ፤ ሚለር የሚያስፈልገውን በዚያ ፍጥነት ሊያዝ የቻለው የማያስፈልገውን ሁሉ ከኤርየሉ ላይ በእጁ ፈትቶ ስለ ጨረሰ ነው።

ሁለት ምት ሞተር ከቫልቭና ከቫልቭ መግፊያ ነጻ ስለ ሆነ ከጥንቱ የቀለለ ነው፤ ለአሮጌው ልማድ ግን ወጥመድ ይዞ መጣ። በአራት ምቱ ላይ ማርሚታን ጥሎ ባዶ ቱቦ የተወ ሰው፣ የካርቡራቶሩን ቤንዚን አካሄድ ካስተካከለ፣ ጎረቤቱን ከማስቆጣት በቀር እምብዛም አይጎዳም ነበር፤ በሁለት ምቱ ግን ያ ሆዱ የተነፋው የጭስ ቱቦ የሞተሩ ሳንባ ነው፤ ከሲሊንደሩ የወጣው ጋዝ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ በቱቦው መጥበቢያ ተመትቶ ሲመለስ፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ቤቱ ይመልሰዋልና። ከብዶ ስለ ታየው የቆረጠው ሰው ኃይሉን አብሮ ቆርጦ ጣለ። በአንዱ ትርፍ የነበረው በሌላው ሥር ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ዘመን በሃምፕሻየር አውራጃ በኒው ሚልተን ከተማ ዴሪክና ዶን ሪክማን የተባሉ ወንድማማቾች ሌላ መንገድ ያዙ። የትራያምፍ ሞተር፣ የቢ.ኤስ.ኤ. ሻንሲ፣ ከሌላም ፋብሪካ የተገኘ ዕቃ አጋጥመው የሠሩትን ብስክሌት ሜቲስ አሉት፤ በፈረንሳይኛ ክልስ ማለት ነው፤ እኛ በጓሮ ወሬ ጊዜ ዲቃላ የምንለው። ቀጥለው ከዚያው ከሬይኖልድስ ቱቦ የራሳቸውን ሻንሲ ሠርተው በኒኬል ለበጡት፤ ዘይቱን የሚይዝ ለብቻው የሆነ ዕቃ መሸከም አስፈላጊ እንዳልሆነ አይተውም ዘይቱን በሻንሲው ቱቦዎች ውስጥ አኖሩት። ይህን ብልሃት ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ አጥንቱ ራሱ ማሰሮ ሆነ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አዲስ ሞተር ሊሸጡላቸው ስላልፈቀዱ፣ ሪክማኖች ሻንሲውን ያለ ሞተር ሸጡ፤ ገዢውም ከአሮጌ ብስክሌቱ ሞተሩን አውጥቶ በአዲሱ አጥንት ላይ ተከለ። ባለ ፋብሪካዎቹ ሊከለክሉ ያሰቡት ነገር በያንዳንዱ ጋራዥ ውስጥ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሚለርም በኋላ የሞተር ብስክሌት ሙዚየሙን ያቋቋመው በዚያው በኒው ሚልተን ነው፤ የከሳው ኤርየልም በዚያ ቆሟል።

ውቅያኖሱን በተሻገረ ጊዜ ልማዱ መልኩን ለወጠ። በደቡብ ካሊፎርኒያ በሞሃቬ በረሃ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነጂዎች ጎን ለጎን ረጅም መስመር ሠርተው ይቆሙና፣ ከሩቅ የተቃጠለ ጎማ የሚያወጣውን ጥቁር ጭስ አቅጣጫ አድርገው እንደ ፈረሰኛ ጭፍራ ባንድ ጊዜ ይለቀቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያሳያቸው በአሸዋው ላይ የተበተነ ኖራ ነው። የሚነዱት ይልቁንም 650 ሲሲ የሆነውን ትራያምፍ ነበር፤ መብራቱን አውልቀው፣ የብረቱን ፓራፋንጎ በአሉሚኒየም ለውጠው፣ ማርሚታውን ጥለው ቢያቀሉትም ከ130 ኪሎ በታች የሚወርድ ነገር አልነበረም፤ እነርሱ ራሳቸው በፌዝ ‹የበረሃ ሸርተቴ› ይሉት ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ በአንድ እጃቸው የቀነሱትን በሌላው መጨመራቸው ነው፤ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ የሚመክት ወፍራም ሰሌዳ፣ አሸዋ የሚያጠራ ትልቅ የአየር ማጣሪያ፣ ሰፊና የጠነከረ መሪ፣ በላስቲክ ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር የታሰሩ መለዋወጫ ካንዴላዎች። የእንግሊዙ ጿሚ በዝግታ በዐለት ላይ ሲሄድ ግራም የሚቆጥር ነበር፤ የካሊፎርኒያው ግን ከቤቱ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ሞተሩ አሸዋ ቢበላ የሚቀበለው ማንም ስለሌለ፣ ምን መሸከም እንዳለበት በቅድሚያ ያስባል። ከእነዚህ ነጂዎች የታወቀው በድ ኤኪንስ ነው፤ በ1963 በታየው ስለ ጦር ምርኮኞች ማምለጥ በሚተርከው ፊልም ላይ፣ ስቲቭ ማክዊን የዘለለው የሚመስለውን አጥር በእውነት የዘለለው እርሱ ነበር፤ የጀርመን ወታደር ብስክሌት መስሎ የታየውም ቀለም የተቀባ ትራያምፍ ነበር።

የበድ ወንድም ዴቭ ኤኪንስና ቢል ሮበርትሰን በ1962 ሆንዳ ሲ.ኤል.72 በተባለ 250 ሲሲ ብስክሌት ከቲኋና እስከ ላ ፓዝ ድረስ በሜክሲኮ የባኻ ልሳነ ምድር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ፤ ኤኪንስ የፈጀበት 39 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሁሉ መጓዝ ነበረባቸውና፣ ሌላው ጿሚ ሁሉ ከመጀመሪያው የሚነቅለው መብራት ለእነርሱ ዓይን ሆነላቸው።

ልኩን ያለፈ ጾም ምን እንደሚያደርግ ያሳየው ደግሞ ቢ.ኤስ.ኤ. ነው። ጄፍ ስሚዝ በ1964 እና በ1965 የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ብስክሌት፣ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር፣ ሠራተኛው ሕዝብ ወደ ፋብሪካ ከሚሄድበት ከትንሹ ከሲ15 የሚወለድ ነው፤ ትልልቆቹን መኪናዎች ያሸነፈውም በቅለቱ ነበር። ይህ ድል አላጠገባቸውም። ለ1966 ሻንሲውን ከቲታኒየም ሠሩት፤ ቲታኒየም ከብረት እጅግ የቀለለ ቢሆንም ሲበየድ አየር እንዳይነካው በአርጎን ጋዝ መሸፈን የሚያስፈልገው ማዕድን ስለ ሆነ፣ በሜዳ ላይ የተሰበረውን ሻንሲ አንድ መካኒክ በተራ የብየዳ መሣሪያ ሊያድነው አልቻለም። ብረት ቢጎብጥ በመዶሻ ይቀናል፤ ቢሰነጠቅ ከአጠገቡ ባለ ገበሬ ጋጥ ውስጥ ይበየዳል፤ ይህ ግን ከሰው እጅ ርቆ መነነ። በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው በቼኮስሎቫኪያው ሲዜድ የተቀመጠው የምሥራቅ ጀርመኑ ፓውል ፍሪድሪክስ ነው፤ በ1967 እና በ1968ም ደገመው።

ቀጥሎ የመጡት ጃፓኖች ጾሙን ከግለሰብ እጅ ወስደው የፋብሪካ ሥራ አደረጉት። ቤልጅጋዊው ጆኤል ሮቤር በ1970 በሱዙኪ ተቀምጦ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የአገሩ ልጅ ሮዤ ዴ ኮስተርም በ1971 በ500 ሲሲ ተከተለው። ለገበያ የማይወጡት እነዚህ ብስክሌቶች ከተቃዋሚዎቻቸው እጅግ የቀለሉ ስለ ነበሩ፣ በ1973 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን 250 ሲሲ ከ88 ኪሎ፣ 500 ሲሲ ከ95 ኪሎ በታች እንዳይመዝን ሕግ አወጣ። ሕጉ ጥበብን ይቀጣል ብለው የተቆጡ ነበሩ፤ እኔ ግን፣ ገንዘብ ያለው ብቻ ሊጾመው የሚችል ጾም ጾም አይደለም ለማለት ስለምደፍር፣ በሕጉ እምብዛም አላዝንም። ብቻ ትዕይንቱ ያስቃል፤ ዓመታት ሙሉ ግራም ሲሞርዱ የኖሩት የሱዙኪ መካኒኮች በሚዛን ፊት ቆመው ክብደት ፈልገው ያስሩ ጀመር።

ያ ሚዛን አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ በቤቱ ጓሮ የሚሠራውን ሰው አልደረሰበትም፤ ዛሬም አይደርስበትም። የእርሳሱን ባትሪ በሊቲየም ይለውጣል፤ የብረቱን ማርሚታ አውልቆ ቀለል ያለውን ያስገባል፤ የኋለኛውን ሰው የእግር ማሳረፊያ ይፈታል፤ እያንዳንዱንም በእጁ መዝኖ ከክምሩ ላይ ያኖራል። መብራቱን ግን አይጥለውም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከብሎኖቹ ጋር ከመደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ብስክሌቱን የሸጠ ቀን ገዢው የት አለ ብሎ ይጠይቀዋልና።